ያገለገለ የቢሮ ወንበር ለቤት ሥራ፦ ማስታወሻ ከባህር ዳር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ልኬት

ወንበር ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት ሜትር ነው ያነሳሁት። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ፣ መብራት ጠፍቶ ከዋለ ደግሞ ማታም እቀጥላለሁ። እስካሁን የምቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበር ቡና ለሚጠጣ እንግዳ ይበቃል፣ ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም።

ብዙ ሰው ወንበር የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ራስጌ ያለው ከሆነ አሪፍ ይባላል። ለኔ ግን ወንበር እንደ ጫማ ነው፤ ቁጥሩ ካልሆነ ውድ መሆኑ ምንም አይጠቅምም።

ጠንካራ በርጩማ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና እህቴ ለካችኝ። ከወለል እስከ ቋንጃዬ 42 ሴንቲ ሜትር። ከመቀመጫዬ ጀርባ እስከ ቋንጃዬ 46። ከተቀመጥኩበት እስከ ክርኔ 24። የታፋዬ ውፍረት 15። ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የመጀመሪያው ቁጥር የወንበሩን ከፍታ ይነግረኛል። እግር ወለሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ አለበት። መቀመጫው ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ጠርዙ ታፋን ከሥር ይጫንና እግር ይደነዝዛል። ሁለተኛው ጥልቀቱን ነው። በመቀመጫው ጠርዝና በቋንጃ መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የኔ መቀመጫ ከ42 መብለጥ የለበትም። ጥልቀቱ ከበዛ ሰው ሳይታወቀው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ይመጣል፣ መደገፊያው ከኋላ ለብቻው ይቀራል፣ ወገብም ሳይደገፍ ይውላል። ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወገቤን አመመኝ የሚል ሰው ካያችሁ መጀመሪያ ይሄን ተመልከቱ።

ሦስተኛው ቁጥር ነው ያስደነገጠኝ። 42 እና 24 ሲደመር 66 ነው። ክርኔ ከወለል 66 ላይ ነው ማለት ነው። ጠረጴዛዬስ? 75! ትከሻዬ ወደ ማታ ለምን እንደሚቃጠል አሁን ገባኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሰቅዬው ነው የምውለው። የትኛውም ወንበር ብቻውን ይሄን አያስተካክለውም። ወንበሩን ከፍ ባደርገው እግሬ ይንጠለጠላል፣ ዝቅ ባደርገው ትከሻዬ ይሰቀላል።

እሑድ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛው

ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ወንበሩን ከፍ አድርጎ ከእግር ሥር የእንጨት መርገጫ ማስቀመጥ ነው። የተከራዩት ቤት ጠረጴዛ ከሆነ ይሄ ጥሩ ነው። የኔው ግን የራሴ ነው፣ አናጺ የሠራው የዋንዛ ጠረጴዛ፣ ስለዚህ እግሩን 7 ሴንቲ ለማሳጠር ወሰንኩ። 68 ይሆናል። ወንበሩ 44 ላይ ሲቆም ክርኔ 68 ላይ ይመጣልኛል፤ ቤት ውስጥ የማደርገው ወፍራም ነጠላ ጫማም የቀረችውን 2 ሴንቲ ይሞላታል።

ይሄን ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር። እግሮቹን ስትለኩ ከላይ ከጠረጴዛው ገጽ ጀምራችሁ ወደ ታች ለኩ። ከታች ጫፍ 7 ሴንቲ ብላችሁ ብትቆርጡ የእግሮቹ ጫፍ ድሮውኑ እኩል ላይሆን ስለሚችል ጠረጴዛው መንገዳገዱን ይቀጥላል። ከላይ 68 ለክቼ፣ አራቱንም ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ፣ በጥሩ መጋዝ ቀስ ብዬ ቆረጥኩ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ለጠፍኩበት። ባህር ዳር ሆኖ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ያጣ የለም መቼም።

መሳቢያውንም አወጣሁት። 44 ላይ ስቀመጥ የታፋዬ ላይኛው ገጽ 59 ላይ ይደርሳል። የጠረጴዛው ገጽ 2 ሴንቲ ውፍረት፣ መሳቢያው 10 ሴንቲ ቁመት አለው፤ ከሥሩ የሚተርፈው 56 ብቻ ነው። ጉልበቴ አይገባም። መሳቢያው ሲወጣ ቦታው ሰፋ።

ሰኞ ከሥራ በኋላ፣ አዲሶቹ

በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን የቤት ዕቃ ሱቆች ዞርኩ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ቆዳ መሳይ። ስትቀመጡበት መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ፍራሽ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ከአምስት ደቂቃ በታች ተቀምጬ አልተነሳሁም። ለስላሳ ስፖንጅ ጉዱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው፣ ቀስ እያለ ይሰጥምና የመቀመጫ አጥንት ከታች ያለውን እንጨት ያገኘዋል። በጉልበታችሁ መሃሉን ጫን ስትሉት ቶሎ እንጨት ከነካ፣ ተዉት።

ስለ ቆዳ መሳዩም ልናገር። ላዩ ፖሊዩሬቴን የሚባል ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፣ ሥሩ ጨርቅ። የአየር እርጥበትና ላብ ከጊዜ ጋር ያንን ንጣፍ ያፈራርሱታል፤ በየቢሮው እንደ ቅርፊት እየተላጠ ልብስ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። በክረምቱ ዝናብና በሚያዝያ ሙቀት መሃል ለምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለው መቀመጫ አይመከርም። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ጨርቅ ወይም መረብ ይተነፍሳል።

"ልገልብጠው?" ስል አንዳንዱ ሻጭ ፊቱን አጠቆረ። አንዱ ግን "ችግር የለም እህቴ፣ ገልብጪው" አለኝ። አብረን ገለበጥነው። መቀመጫውን የሚሸከመው ላሜራ ስስ ነው፣ ዳር ዳሩን በጣት ስጫነው ይነቃነቃል። አምስቱ የእግር ክንዶች ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲክ መሆኑ ብቻውን ጥፋት የለበትም፣ ጥሩ ናይለን ከሆነና ከሥሩ ወፈር ያሉ ማጠናከሪያዎች ካሉት ይቆያል፤ ይሄኛው ግን ከሥሩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጥልቀቱ 51 ሴንቲ። ለኔ 9 ሴንቲ ይበዛል። አመስግኜው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ አባይ ማዶ

ከቢሮ በጨረታ የወጣ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ አባይ ማዶ አለ ብለውኝ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አቧራ የለበሰ ወንበር በወንበር ላይ ተከምሯል። ጨርቁ የነጣ፣ መቀመጫው የሰጠመ አንድ ግራጫ ወንበር ሳነሳ ክብደቱ ገረመኝ። ገለበጥኩት። እግሩ አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ወጥ። ከመቀመጫው ሥር ያለው መዋቅር ወፍራም ብረት፣ ብየዳው ንጹሕ። ኢኤን 1335 የሚል ምልክት ተለጥፎበታል፤ የአውሮፓ የቢሮ ወንበር ደረጃ ነው። ጥልቀቱን ለካሁ፣ 42። ደስ አለኝ።

"ይሄ እኮ ይሰምጣል" አልኩት ተቀምጬበት ወደ ታች ሲወርድ።

"መስመጡን ይሰምጣል እህቴ፣ ግን አይሰበርም። ይሄን የመሰለ አሁን አይመጣም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ወንበር ላይ የሚያረጀው ስፖንጁ፣ ጨርቁ፣ ጎማውና ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የጋዝ ሲሊንደር ነው። አራቱም ይቀየራሉ። የማይቀየረው አጥንቱ ነው፣ የዚህ አጥንቱ ደግሞ ጤና ነው። በአዲሱ ዋጋ ሲሶ ተስማማን። ባጃጅ ውስጥ እንዲገባ የመደገፊያውን ብሎኖች ፈታን።

ቅዳሜ፣ ሲሊንደሩ

ዛሬ ሙሉ ቀን የወሰደው ይሄ ነው፤ ሰው የሚፈራውም ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ ናይትሮጅን አለ። ማሸጊያው ሲያልቅ ጋዙ ያመልጣል፣ ወንበሩም ሰው ሲቀመጥበት ይወርዳል። አይጠገንም፣ ይቀየራል። በምንም ዓይነት አትብሱት፣ አትቁረጡት፣ በተለይ አታስበይዱት። ቁመቱ እንዳይወርድ ብየዳ ቤት ወስደው የሚያስነኩት ሰዎች አሉ። በግፊት ያለ ዕቃ በእሳት ማሞቅ ማለት ነው፣ አደገኛ ነው።

ሲሊንደሩ በብሎን አልተያዘም። ሁለቱም ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፣ በሰው ክብደት እየተጫነ ራሱን ያጠብቃል። ለዚህ ነው ለመንቀል የሚያስቸግረው። ወንበሩን ገልብጬ ሲሊንደሩ በእግሩ መሃል በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ዘይት አፈሰስኩና ምሳ እስክበላ ተውኩት። ከዚያ እንጨት አስደግፌ የእግሩን መሃል ዙሪያውን በመዶሻ መታሁ። አንድ ጎን ብቻ አይመታም፣ እየዞሩ ነው። ትንሽ ቆይቶ "ጧ" ብሎ ለቀቀ። የላይኛው ጫፍ ግን አሻፈረኝ አለ። ጎረቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ይዞ መጣ፤ እኔ መቀመጫውን ይዤ እሱ ሲሊንደሩን ጠመዘዘው። ወጣ።

አሁን ልኬት። የተለመደው ሲሊንደር ላይኛው ጫፉ 28 ሚሊ፣ ታችኛው አካሉ 50 ሚሊ ነው፤ የኔም ያው ሆኖ ተገኘ። ስታዙ ግን ርዝመቱን ለኩ፣ ከፍታችሁን የሚወስነው እሱ ነው። አጠር ያልን ሰዎች አጭሩን ነው የምንፈልገው፤ ረጅሙ መጨረሻ ድረስ ወርዶም ለኛ ከፍ ይላል። ከዚያ ሌላ በቁጥር የሚለይ ደረጃ አለው፣ 2፣ 3፣ 4 እየተባለ። ልዩነቱ የቱቦው ብረት ውፍረት ላይ ነው፣ 4 ወፍራሙ ነው። እኔ ባለ 4 ከአዲስ አበባ አዘዝኩ።

እስኪመጣ ድረስ ሥራ አይቆምም። አሮጌውን መልሼ ገጠምኩና መቀመጫውን እስከ ላይ ስቤ፣ ቀጭኑ የሲሊንደር ክፍል ላይ በቁመቱ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ አለበስኩት። ቱቦውን የቆረጥኩት መቀመጫው 44 ላይ እንዲቆም በሚያደርገው ልክ ነው። ወንበሩ ቱቦው ላይ ያርፋል፣ አይወርድም። ቁመታችሁን አንዴ ካወቃችሁና ወንበሩ የአንድ ሰው ከሆነ በዚህ ብቻ ብዙ ጊዜ መቆየት ይቻላል። አዲስ ሲሊንደር መግዣ ለሌለው ሰው እንዲጠቅም ነው የጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ስፖንጅ በሚዛን

ወደ ሶፋ ሠሪው ሄድኩ። "ጋሼ፣ ለወንበር የሚሆን ስፖንጅ ፈልጌ ነበር።"

"ሃርዱን ልስጥሽ?" አሉኝ።

ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ አንድ አይደሉም። በእጅ ሲጫኑት የሚቆረቁር ስፖንጅ ውስጡ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ እንደዚያ ያለው ከጥቂት ወራት በኋላ ይተኛል። ዕድሜውን የሚወስነው ጥቅጥቅነቱ ነው፣ በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚለው። ይሄን ደግሞ በሱቅ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። 50 በ50 ሴንቲ፣ 8 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቁራጭ 0.02 ሜትር ኩብ ነው። ክብደቱን በ50 ማባዛት ነው፣ አለቀ። ጋሼ ቆርጠው ሰጡኝ፣ አጠገባቸው ካለው ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ግማሽ ኪሎ። 25 ማለት ነው፣ ለመደገፊያ ይሆናል፣ ለመቀመጫ አይበቃም። ከጓዳ ሌላ አመጡ፣ ሲነካ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይለሰልሳል፣ ግን 820 ግራም መዘነ። 41። እሱን ወሰድኩ። ጋሼ ራሳቸው ገርሟቸው ሁለቱን ስፖንጅ ደጋግመው በእጃቸው እያነሱ ሲመዝኑ ነበር።

መቀመጫው ውስጥ ያለው 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም። ብሎን የሚይዙት ጥርስ ያላቸው ዳዶዎች ግን ሁለቱ ላልተው ስለነበር በአዲስ ቀየርናቸው። ስፖንጁ በማስቲሽ ተለጠፈ፣ ሳይበዛ፣ ዳር ዳሩን ብቻ፤ ማስቲሽ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ንብርብር ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ከሆነ ይቆረቁራል። ከፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ ጋሼ በስለት ወደ ታች ዝቅ እያለ እንዲሄድ አድርገው ቀረጹት። ይሄ ትንሽ የምትመስል ነገር ትልቅ ናት፤ ታፋን ከሥር የሚቆርጠው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው።

ጨርቁ ወፈር ያለ የሶፋ ጨርቅ ነው፣ ጥቁር ግራጫ። ሲወጠር መጀመሪያ የአራቱም ጎን መሃል መሃሉ ይመታል፣ ከዚያ ወደ ማዕዘኖቹ። ከማዕዘን ከጀመሩ ይሸበሸባል።

እዚያው እያለን አንድ ሽማግሌ አልጋ ለማሳደስ መጥተው ቁጭ ብለው ያዩን ነበር። "ልጄ፣ ጠፍር ብታደርጊበት ኖሮ ስፖንጅ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። ደስ ያለኝ ንግግር ነው። ጠፍር እርጥቡን ተወጥሮ ይታሰራል፣ ሲደርቅ ራሱን ያጠብቃል፣ አየር ያስገባል፣ ክብደትን በሙሉ ስፋቱ ያካፍላል። በውጭ አገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 የወጣው ኤሮን የሚባለው ዝነኛ የመረብ ወንበርም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ስፖንጅ የለውም፣ የተወጠረ መረብ ብቻ። "አባባ፣ ዙሪያው እንጨት ነው፣ ጠፍሩ ሲረግብ እንጨቱ ታፋዬን እንዳይጫነኝ ብዬ ነው" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እሱስ ልክ ነሽ፣ በየጊዜው ማጥበቅ አለው" አሉ። የጠፍር መቀመጫ ጠርዙ ክብ ተደርጎ ቢሠራ ግን ለቤት በጣም የሚያምር ነገር ይወጣዋል ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ዓርብ ማታ፣ መደገፊያና ጎማ

የወገብ ድጋፉ እብጠት ከመቀመጫው ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ባለው መሃል መሆን አለበት። የኔ 19 ላይ ተመቸኝ። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ቀበቶ ከሚታሰርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ጀርባ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ።

መደገፊያው ቀጥ ብሎ እንዲቆለፍ አላደረግኩም። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ጨዋነት ነው እየተባልን ነው ያደግነው፣ ግን አከርካሪ በዚህ አይስማማም። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በአከርካሪ ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክቶ፣ ሳይደገፉ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ግፊት እንደሚፈጥር አሳይቷል። ወደ ኋላ ጋደም ብሎ መደገፍ ደግሞ ይቀንሰዋል። ስለዚህ መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ሆኖ ጋደም ይላል፣ መቆለፊያውም ክፍት ነው፣ ስንቀሳቀስ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። ከመቀመጫው ሥር ያለው ትልቁ እጀታ ማጥበቂያ ነው፤ የኔ ለወንድ ክብደት ጠብቆ ስለነበር በጣም አላላሁት።

የክንድ ማሳረፊያዎቹ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እየተጋጩ ወደ ፊት አላስጠጋ አሉኝ። ከፍታቸው አይስተካከልም። ፈታኋቸው።

ከጎማዎቹ አንዱ ተሰብሯል፣ የቀሩት ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። እነዚህ ለምንጣፍ ነው የሚሆኑት። ቤቴ ሊሾ ነው፣ ይንሸራተታሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ወለሉንም ይጭሩታል። ላዩ ለስላሳ ላስቲክ የለበሰውን አምስቱንም ገዛሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የዘንጉን ውፍረት ለኩ፤ የብዙው 11 ሚሊ ነው፣ 10 የሆነም አለ፣ 10 በ11 ቀዳዳ ከገባ ሲነሳ ይወድቃል። ግራሶ ቀባ አድርጌ በእጄ ገፋሁት፣ ገባ።

ሰኞ፣ ሲሊንደሩ መጣ

ከአዲስ አበባ መጣልኝ። ቱቦውን አወጣሁ፣ አሮጌውን በዚያው ዘዴ ነቀልኩ፣ አዲሱን አስገብቼ ተቀመጥኩበት፣ በቃ ገጠመ። ዘይት ወይም ግራሶ ጫፎቹ ላይ አይቀባም፣ የሚይዘው ሰበቃው ነው። 44 ላይ አቆምኩት። ላፕቶፑን ከፍ ባለ ሣጥን ላይ አድርጌ ኪቦርድ ለብቻው ሰክቼበታለሁ፤ አለዚያ አንገቴ ይጎነበሳል፣ ወንበሩም ምንም አያደርግልኝ።

ትከሻዬ አልተቃጠለም። የሩብ ዓመቱን ሒሳብ እየዘጋሁ ያለሁበት ሳምንት ነው፣ ከባድ ነው፣ እና ወገቤ ትዝ አላለኝም።

ቆይቶ፣ ፍተሻ

ብሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጠበቅኩ። አዲስ ስፖንጅና ጨርቅ ሲረጋ ብሎን ይላላል፣ ይሄን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከመቀመጫው ሥር ያሉት አራቱ ግማሽ ዙር ዞሩ። ስፖንጁን ሳልቀመጥበት ለካሁት፣ 8 ሴንቲው አልቀነሰም።

የጎረቤቴ ባለቤት አይታው "እኔስ ለልጄ እንዲህ ያለ ባገኝለት፣ ፈተና ደርሶበታል፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ነው የሚያጠናው" አለችኝ። ልጁን ጠርተን በርጩማው ላይ አስቀምጠን ለካነው። ረጅም ነው። ከወለል እስከ ቋንጃው 47፣ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ቋንጃው 50፣ ከተቀመጠበት እስከ ክርኑ 26። 47 እና 26 ሲደመር 73 ይመጣል፣ ስለዚህ የነሱ 75 ጠረጴዛ አይቆረጥም፣ ወንበሩን ሁለት ሴንቲ ከፍ ቢያደርገው ይበቃዋል። የኔ ዓይነት ወንበር ግን ለሱ ያጥራል። አባይ ማዶ ላለው ልጅ ደውዬ ጥልቀቱ 46 የሆነ፣ እግሩ ብረት ወይም አሉሚኒየም የሆነ ካለው እንዲያስቀምጥልን ነግሬዋለሁ። ሰምጦም ቢሆን ችግር የለም፤ የቱቦውን ቁራጭ አስቀምጬዋለሁ፣ ለሱ ቁመት ግን ረዘም ያለ መቁረጥ አለብን።